ዘይቱ የት ጋ ያልቃል?

ውድድሩ ሊጀመር ግማሽ ሰዓት ሲቀረው መካኒኩ ማሽኑን እየገፋ መጣና አንደኛው የቦውሊንግ ሌን መነሻ ላይ አስቀመጠው። ቁልፉን ሲጫነው ማሽኑ እያጉረመረመ ወደ ፒኖቹ ጉዞ ጀመረ። የትናንቱን ዘይት በማጽጃ ፈሳሽ እያጠበ፣ እርጥቡን በላስቲክ እየገፈፈና እየመጠጠ፣ እግረ መንገዱንም አዲስ ዘይት በብሩሽ እየቀባ ሄደ። ጫፍ ደርሶ በዚያው ተመለሰ። መካኒኩ አንስቶ ወደ ሁለተኛው ሌን አዞረው። ሌኑን ጎንበስ ብሎ ላየ ሰው ከፊቱም ከኋላውም ያው የሚያብረቀርቅ ጣውላ ነው።

ቦታው ሰሜን ቨርጂኒያ ነው፤ ከዋሽንግተን ዲሲ ወንዙን ተሻግሮ፣ ኢትዮጵያውያን በብዛት ከሚኖሩበት አካባቢ። ሳምንታዊው ሊግ የሚካሄድበት ቦውሊንግ ቤት በዚህ ምሽት የተለመደውን ቀላል የዘይት አቀባብ ትቶ ከባዱን አዟል። አንድ ሰባ ዓመት የሚጠጋቸው፣ ዕድሜያቸውን ታክሲ ሲነዱ የኖሩ፣ ቡድኑ በሙሉ «ጋሼ» የሚላቸው ሰው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አንዲት ወረቀት ያነባሉ። አጠገባቸው ያለው ወጣት አዲስ የገዛውን ኳስ በፎጣ ይወለውላል።

«ጋሼ፣ ዛሬ ይቺን ነው የምወረውረው። አተጣጠፏ ጉድ ነው!»

«እሱ እኮ ነው የሚያስፈራኝ ልጄ» አሉት ዓይናቸውን ከወረቀቱ ሳያነሱ። «ለመሆኑ ዘይቱ የት ጋ ነው የሚያልቀው?»

ወጣቱ ሳቀ። ጥያቄው ግን የጨዋታው ግማሽ ነው።

ብዙዎቻችን ቦውሊንግን የምናውቀው ለልደት ወይም ለዕረፍት ቀን መዝናኛ ሆኖ ነው። ጫማ ተከራይተን፣ መደርደሪያ ላይ ካለው ኳስ ለጣታችን የሚመቸውን መርጠን፣ ቀጥ አድርገን እንለቀዋለን። አዲስ አበባ ላፍቶ ሞል የሄደም፣ ዋሽንግተን አካባቢ ልጆቹን ይዞ የወጣም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ሌኑ ላይ ዘይት መኖሩን የሚያውቅ ጥቂት ሰው ነው፤ የኪራይ ኳስ ፕላስቲክ ስለሆነ ዘይት ኖረም አልኖረም ያው ቀጥ ብሎ ይሄዳል። በሊግ የሚጫወት ሰው ግን ሌላ ዓለም ውስጥ ነው ያለው። እሱ የሚጫወተው ከፒኖቹ ጋር ብቻ ሳይሆን፣ በዓይኑ ከማያየው ዘይት ጋር ጭምር ነው።

ሌኑ ከፋውል መስመር (ከመወርወሪያው ወሰን) እስከ መጀመሪያው ፒን 60 ጫማ፣ ማለትም 18 ሜትር ከ29 ሳንቲም ነው። ስፋቱ 41 ኢንች ተኩል ሲሆን ጎን ለጎን በተደረደሩ 39 ቦርዶች ይቆጠራል። ዛሬ አብዛኛው ሌን ሰው ሠራሽ ቢሆንም የቦርዶቹ መስመር ተስሎበታል፤ ተጫዋችም ኳሱን የት እንዳሳለፈ የሚናገረው በቦርድ ቁጥር ነው። የጋሼ ወረቀት ዘይቱ ከመነሻው እስከ 42 ጫማ እንደተቀባ፣ መጠኑም 25 ሚሊ ሊትር እንደሆነ ይናገራል። አምስት የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። ይህች ዘይት በዚያ ሁሉ ስፋት ላይ ስትበተን ውፍረቷ ከአንድ ሚሊ ሜትር ሺህ ክፋይ ሁለቱን አይሞላም። የሰው ጸጉር ከዚህ ከሠላሳ ጊዜ በላይ ይወፍራል። የሰባት ኪሎውን ኳስ ጠባይ የምትወስነው ይህች ናት።

ዘይቱ መጀመሪያ የመጣው ለጨዋታው ተብሎ አይደለም። የጥንቱ ሌን ኳሱ የሚያርፍበት የፊቱ ክፍል ጠንካራ ሜፕል፣ መካከሉ ደግሞ ለስለስ ያለ ፓይን ነበር፤ ከላይም ቫርኒሽ ይቀባል። ኳሱ በየቀኑ ሲወድቅበትና ሲፈተግበት ቅቡ እየተላጠ እንጨቱ ይጎዳ ስለነበር ባለቤቶቹ ዘይት መቀባት ጀመሩ። ከዚያ ዘይቱ ያለበትና የሌለበት ቦታ ለኳሱ አካሄድ ምን እንደሚያደርግ ተስተዋለ። ለንብረት ጥበቃ የተቀባው ነገር ቀስ በቀስ የጨዋታው ዋና ሕግ ሆኖ አረፈው።

ለምን ዋና ሕግ እንደሆነ ለመረዳት ፒኖቹ ጋ እንሂድ። ለቀኝ እጅ ተጫዋች ፖኬት የሚባለው በ1 እና በ3 ቁጥር ፒኖች መካከል ያለው ቦታ ነው፤ ከቀኝ ሲቆጠር 17ኛው ቦርድ ተኩል አካባቢ። ኳሱ እዚያ ሲደርስ ስድስት ዲግሪ ያህል አግድም ቢገባ ስትራይክ የመሆን (አሥሩንም ፒን በአንድ ኳስ የመጣል) ዕድሉ ሰፊ ነው። ቀጥ ብሎ የተለቀቀ ኳስ ከቀኙ ጠርዝ ቢነሳ እንኳ ሁለት ዲግሪ አይሞላም። ስለዚህ ኳሱ መንገድ ላይ መታጠፍ አለበት። ጥሩ ስትራይክ ውስጥ ኳሱ ራሱ የሚመታው 1፣ 3፣ 5 እና 9 ቁጥርን ብቻ ነው፤ የቀሩትን ስድስቱን ፒኖቹ እርስ በርስ ይጣጣላሉ። ትንሽ ወደ ግራ ከበዛ መሐሉን ሰንጥቆ ያልፋል፤ ትንሽ ወደ ቀኝ ከቀረ ደግሞ ዳር ዳሩን ነካክቶ ይሄዳል።

የሚታጠፈው ደግሞ ዘይቱ ሲለቀው ነው። ኳሱ ከእጅ ሲወጣ ወደ ጎን እየዞረ ይንሸራተታል፤ ዘይቱ ላይ መያዣ የለውም። ደረቁን ሲያገኝ ነክሶ ይታጠፋል፤ በመጨረሻ መታጠፉን ጨርሶ ወደ ፊት እየተንከባለለ ይገባል። መንሸራተት፣ መታጠፍ፣ መንከባለል፦ አሠልጣኝ ሁሉ የሚያስተምረው እነዚህን ሦስት ምዕራፎች ነው። ኳስ መምረጥ ማለት እነዚህ ሦስቱ የት ጋ እንዲጀመሩና እንዲያልቁ እንደምንፈልግ መወሰን ነው። ከዚህ የዘለለ ምሥጢር የለውም፤ ሻጮቹ ግን ብዙ ያወሩበታል።

ታዲያ ቀላል የሚባለው አቀባብ ምንድን ነው? በተራ ቀን ቤቶቹ መሐሉን በደንብ ያለብሱና ዳርና ዳሩን፣ በተለይ ከ10ኛው ቦርድ ወደ ውጭ ያለውን፣ ስስ አድርገው ይተዉታል። የመሐሉ ዘይት የዳሩን አሥር እጥፍና ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። ይህ ልዩነት ተጫዋቹን ይሸከመዋል። ኳሱን ወደ ቀኝ ቢያስት ደረቁ ነክሶ ይመልስለታል፤ ወደ ግራ ቢያስት የመሐሉ ዘይት አንሸራቶ ያቆይለታል። ስቶም ፖኬት ይገባል። በየሰፈሩ በአማካይ 220 የሚመታ ጀግና የሚበዛው በዚህ ምክንያት ነው፤ እኔ እንደሚመስለኝ ግማሹን ነጥብ የመታው ማሽኑ ነው።

የውድድር አቀባብ ይህን ደግነት ያነሳል። የዩናይትድ ስቴትስ ቦውሊንግ ኮንግረስ «ስፖርት» ብሎ የሚመድባቸው አቀባቦች የመሐሉና የዳሩ ልዩነት ጠባብ እንዲሆን ተደርጎ የተሠሩ ናቸው። ከዚያም ብሶ ከጋተር እስከ ጋተር (ከዳሩ ቦይ እስከ ዳሩ ቦይ) እኩል የተቀባ፣ ጠፍጣፋ የሚሉት አለ፤ ዩ ኤስ ኦፕን የተባለው ውድድር በዚህ ነው ስሙን ያተረፈው። እዚያ ወደ ቀኝ የሄደ ኳስ አይመለስም፤ ወደ ግራ የሄደ ኳስም አይቆይም። አንድ ዲግሪ የምታህል የአለቃቀቅ ስህተት 40 ጫማ ላይ ስትደርስ ስምንት ቦርድ ትሆናለች። በተራው ቀን ይህን የሚሸፍን ነገር ነበር፤ እዚህ የለም።

እ.ኤ.አ. በ2012 የዩ ኤስ ኦፕን ፍጻሜ ላይ ፒት ዌበር የተባለው ተጫዋች ተቀናቃኙን ማይክ ፋጋንን ያሸነፈው 215 ለ214 ነበር። በመጨረሻው ኳስ ስትራይክ መምታት ነበረበት፤ መታና አምስተኛውን የዩ ኤስ ኦፕን ዋንጫ ወሰደ። በደስታ የጮኸው ጩኸት ዛሬም የሚቀለድበት ሆኖ ቀርቷል። እኔን የሚገርመኝ ግን ነጥቡ ነው። በዓለም ከባዱ የሚባለውን ዋንጫ ያነሳው 215፣ በሰፈር ሊግ ቢመታ ማንም ዞር ብሎ የማያየው ቁጥር ነው።

ወደ ጋሼ ወረቀት እንመለስ። ዘይቱ 42 ጫማ ላይ ያልቃል። ተጫዋቾች የሚጠቀሙባት አንዲት የቆየች ስሌት አለች፤ ከዘይቱ ርዝመት 31 ቀንስ፣ የሚቀረው ቁጥር ኳሱ ዘይቱን ለቆ ሲወጣ መገኘት ያለበት ቦርድ ነው። 42 ሲቀነስ 31፣ 11ኛው ቦርድ። የአሜሪካ ፕሮፌሽናሎች ማኅበር፣ ፒ ቢ ኤ፣ ለአቀባቦቹ የአራዊት ስም ሰጥቷቸዋል። አጭሩ ተኩላ 33 ጫማ ግድም ነው፤ ስሌቱ ሁለተኛው ቦርድ ላይ፣ ጋተሩ ከንፈር ላይ ያደርሰናል። ረጅሙ ባጀር 52 ጫማ ነው፤ 21ኛው ቦርድ ማለት የሌኑ እምብርት ነው። አቦሸማኔ፣ እፉኝት፣ ጊንጥ፣ ድብና ሻርክ በመካከል ይደረደራሉ። ስሌቷ መነሻ እንጂ ፍርድ አይደለችም። የኳሱ ፍጥነት፣ የተጫዋቹ እጅ የሚሰጠው ዙር፣ የሌኑ ዕድሜ ሁሉ ይለዋውጧታል። ሆኖም ባዶ እጅ ከመጀመር በብዙ ትሻላለች።

ወጣቱ ተነሣ። ኳሱ ሪአክቲቭ ሬዚን ነው፤ ሽፋኑ ዘይት የሚመጥጥ፣ በሻካራ ብርጭቆ ወረቀት የተፈተገ፣ ውስጡ ያለው ክብደትም ያልተመጣጠነ ቅርጽ ያለው ጉልበተኛ። የመጀመሪያው ኳሱ ገና 35 ጫማ ሳይደርስ መታጠፍ ጀመረና የ1 ቁጥር ፒን ግንባር ላይ አረፈ። 4፣ 6፣ 7 እና 10 ቁጥር ፒኖች ቆመው ቀሩ። በሚቀጥለው ተራው ወደ ግራ ተጠግቶ ቆመና ወደ ቀኝ አሰፍቶ ለቀቀው። ኳሱ ወጣ፤ አልተመለሰም። ሦስት ፒን ብቻ ጣለ። ፊቱ ላይ ግራ መጋባት ይነበብ ነበር፤ ያው ኳስ ባለፈው ሳምንት ስትራይክ ሲደረድርለት አምሽቷል።

ጋሼ ያነሡት ኳስም ሪአክቲቭ ነው፤ ግን አቧራ የመሰለ፣ ማብረቅረቅ የሌለው፣ ውስጡ የተመጣጠነ፣ ሽፋኑ በ2000 ቁጥር ወረቀት የተፈተገ። ቁጥሩ ሲያንስ ሽፋኑ ይሻክራል፤ 500 ቶሎ ይነክሳል፣ 4000 ይንሸራተታል። ተጫዋቾች ከቦርሳ ቀድሞ የሚወጣውን እንዲህ ያለውን ኳስ ቤንችማርክ ይሉታል፤ ጠባዩ ስለሚታወቅ ሌኑን ማንበቢያ ነው። ቶሎ ይነቃል፣ ሲታጠፍ ግን በድንገት አይደለም፤ ቀስ ብሎ እንደ ቅስት ይሄዳል። እሳቸው 13ኛው ቦርድ ላይ አስቀምጠው ወደ 11 አስወጡት። ሁለት ቦርድ ብቻ። ኳሱ ብዙም ሳይወዛወዝ ገብቶ ዘጠኝ ጣለ። 10 ቁጥር ቀረች። ሌላ ኳስ አነሡ፤ ፕላስቲክ። ከግራ ወደ ቀኝ አሻግረው እንደ ቀስት ቀጥ አድርገው መቷት።

ይህች የፕላስቲክ ኳስ ነገር ብዙዎች የሚንቋት ናት። ፕላስቲክ ዘይቱን ከቁብ ስለማይቆጥር ዳር የቀረች ፒን ላይ ለመሄድ የሚተካው የለም። ከባድ አቀባብ ላይ ስትራይክ ይነጥፋል፤ ስፔር (የቀሩትን ፒኖች በሁለተኛ ኳስ መጣል) የማይስት ሰው ግን አንድ ስትራይክ ሳይመታ እንኳ 190 ሊደርስ ይችላል፤ አሥሩንም ፍሬም (ተራ) ዘጠኝ እየጣለ አንዷን ቢያነሣ ቁጥሩ ያው ነው። ለአንድ ሰፊ ሁክ (መታጠፍ) ብሎ አራት ስፔር የሚያበላሸው ተጫዋች ይህን ሒሳብ ሠርቶት አያውቅም።

ሻጮች የሚያወሩት ስለ ኳሱ ሆድ ዕቃ ነው። ስለ ውስጡ ክብደት፣ ስለ ቅርጹ፣ ስለ ጣት ቀዳዳዎቹ አቀማመጥ። ውሸት አይደለም፤ ግን የቦውሊንግ ኮንግረሱ ራሱ ባካሄደው የኳስ እንቅስቃሴ ጥናት ከሁሉ በላይ ተጽዕኖ ያላቸው ሆነው የተገኙት የሽፋኑ ጠባያት ናቸው። ጥቂት ዶላር የምታወጣ መፈተጊያ ከ200 ዶላር በላይ የሚያወጣ ኳስ ጠባይ ትለውጣለች። ሕጉ የሚለው ፍተጋው ውድድር ከመጀመሩ በፊት ይለቅ ነው፤ ከተጀመረ በኋላ ወረቀት ማንሣት ክልክል ነው። እ.ኤ.አ. ከ2019 ነሐሴ ወዲህ በጨዋታ መካከል ኳስ በፈሳሽ ማጽዳትም ተከልክሏል፤ ደረቅ ፎጣ ብቻ።

የሽፋኑ ጉልበት ቀድሞም ያጣላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 ዶን ማኩን የተባለ አሜሪካዊ ፕሮፌሽናል የፕላስቲክ ኳሱን ኬሚካል ውስጥ እየነከረ አለሰለሰው። የለሰለሰው ኳስ ሌኑን ይነክስ ጀመር፤ ማኩን በዚያ ዓመት ስድስት ውድድር አሸንፎ የዓመቱ ተጫዋች ተባለ። ወዲያው የኳስ ጥንካሬ መለኪያ ወጣ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ዩሬቴን፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ሪአክቲቭ ሬዚን መጡና ኳሶች በማኩን ዘመን ያልታሰበ ያህል መታጠፍ ጀመሩ። ጠቡ ግን አልበረደም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2022 ኮንግረሱ በ2016 እና በ2017 የተመረተውን ፐርፕል ሃመር የተባለ ዩሬቴን ኳስ ከብሔራዊ ውድድሮቹ አገደ፤ ከተፈቀደው በታች የለሰለሱ ተገኝተዋል በሚል። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ያው የልስላሴ ክርክር።

ዩሬቴን እስካሁን የሚፈለገው ለአጫጭር አቀባቦች ነው። ተኩላ ላይ ሪአክቲቭ ቢወረወር ከዘይቱ ሲወጣ 27 ጫማ ደረቅ ይጠብቀዋል፤ እንደ ልቡ ይታጠፋል። ዩሬቴን ቀደም ብሎ በለዘብታ ስለሚታጠፍ ጋተሩን ታክኮ ሊመራ ይችላል። ረጅሙ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ባጀር ላይ ኳሱ የሚታጠፍበት የቀረው ስምንት ጫማ ብቻ ስለሆነ ሻካራ፣ ጉልበተኛ ሪአክቲቭ ይፈለጋል፤ እሱም ወደ ዳር ሳይወጣ መሐሉን ይዞ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። የወጣቱ ኳስ እዚያ ቢሆን ባለሙያ ነበር። በመካከለኛው፣ ይልቁንም በጠፍጣፋው ላይ፣ ከሁሉ የሚያዋጣው የጋሼ ዓይነት ለዘብተኛ ኳስ ነው፤ ሲያስቱት የሚያስከፍለው ትንሽ ስለሆነ።

ሁለተኛው ጨዋታ ላይ ሌኑ ተለወጠ። ይህ ጀማሪን የሚያሳብደው ነገር ነው፤ ዘይቱ አንድ ቦታ አይቆይም። ሪአክቲቭ ኳሶች በተደጋገሙበት መስመር ላይ ዘይቱን እየመጠጡ ያደርቁታል። ዩሬቴንና ፕላስቲክ ደግሞ አይመጥጡም፤ እየገፉ ወደ ፊት፣ ደረቅ ወደ ነበረው ቦታ ይወስዱታል። በአንዱ ኳሱ ቶሎ ይነክሳል፤ በሌላው ጭራሽ ይዘገያል። ጥንድ ሌን ላይ የሚፈራረቁ ቡድኖች ስላሉ ደግሞ ሌኑን የሚያበላሸው የራስህ እጅ ብቻ አይደለም።

ጋሼ በሦስተኛው ፍሬም ኳሳቸው ትንሽ ወደ ግራ በዝቶ ሲገባ አዩ፤ ቢሆንም ስትራይክ ነበር። ስትራይክ ከመታ በኋላ ቦታ የሚቀይር ሰው ብርቅ ነው። እሳቸው ግን እግራቸውን ሁለት ቦርድ፣ ዓይናቸውን አንድ ቦርድ ወደ ግራ አዛወሩ። በስምንተኛው ፍሬም እንደገና። ሦስተኛው ጨዋታ ሲጀመር ቤንችማርኩን ፎጣ አልብሰው አስቀመጡና ፐርል የሚባለውን፣ ሽፋኑ የተወለወለ ኳስ አወጡ፤ በደረቀው መስመር ላይ ሳይነቃ አልፎ ዘግይቶ እንዲታጠፍ።

«ጋሼ፣ ፐርሏን መጀመሪያውኑ ለምን አላወጧትም?» አላቸው ወጣቱ፣ በዚህ ጊዜ ጠጋ ብሎ።

«ያኔ ዘይቱ ትኩስ ነበራ! አንሸራትታ ትወስድብኝ ነበር። ኳስ እኮ እንደ ሰዓቱ ነው የሚወጣው። ያንተን ኳስ አልጠላሁም፤ ጊዜዋና ቦታዋ ሌላ ነው።»

ወጣቱ በመጨረሻው ጨዋታ ጉልበተኛዋን ቦርሳ ውስጥ ከቶ የድሮ ኳሱን አወጣ፤ ቀጥ አድርጎ መጫወት ጀመረ። 181 መታ። ለእሱ የወትሮው ነጥቡ አይደለም፤ በዚያ ሌን ላይ ግን ክፉ አልነበረም።

  

ኳስ ልትገዙ ላሰባችሁ የምለው አጭር ነው። ሁለት ብቻ የመግዛት አቅም ካላችሁ አንዱ ለዘብተኛ፣ ውስጡ የተመጣጠነ፣ ያልተወለወለ ሪአክቲቭ ይሁን፤ ሁለተኛው ፕላስቲክ። በሚተርፋችሁ ገንዘብ ቁጥራቸው የተለያየ መፈተጊያ ግዙና ያንኑ ኳስ እንደ ሌኑ አዘጋጁት። ጉልበተኛው ኳስ ሦስተኛ ይምጣ። ከመጫወታችሁ በፊትም ቦውሊንግ ቤቱን የዕለቱን የአቀባብ ወረቀት ጠይቁ፤ ርዝመቱን አንብቡ፣ 31 ቀንሱ፣ ከዚያ ብቻ ቦርሳችሁን ክፈቱ።